ላም አለኝ በሰማይ፤ የጮቄ ውሃና የሳተላይቱ ቁጥር

ስለ ዓባይ የማያወራ ኢትዮጵያዊ የለም። ግድቡ ስንት ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ የታክሲ ረዳቱም ያውቃል፤ 5,150። ሐይቁ ስንት እንደሚይዝ የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ይመልሳል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ።

አንድ ጥያቄ ግን ልጠይቃችሁ። በጎጃም ደጋ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ስንቱ ዓባይ ይገባል? ስንቱስ ወንዝ ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይወጣል?

ይህን የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ባለሥልጣኑ አያወራውም፣ ተንታኙ አይነካውም፣ እኛም አንጠይቅም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ላም ነው። ላሟ በእርግጥ ሰማይ ላይ አለች፤ በየጊዜው በጮቄ አናት ላይ ታልፋለች። ወተቷን የማናየው እሷ ስለነፈገችን ሳይሆን ማለቢያ ስላላዘጋጀን ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የላይኛው ዓባይ ተፋሰስ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ከ170 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአማካይ ዓመት ድንበሩን የሚሻገረው ውሃ ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። ይህን ውሃ በተፋሰሱ መሬት ሁሉ ላይ እኩል ብታነጥፉት ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። የሚዘንበው ዝናብ ግን በአብዛኞቹ ግምቶች ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ይደርሳል።

እንግዲህ አስቡት። ከሚዘንበው አምስት እጅ ወንዝ ሆኖ ድንበር የሚሻገረው አንዱ እጅ ገደማ ብቻ ነው። አራቱ እጅ ከአፈሩ ይተናል፣ ከጤፉ፣ ከገብሱ፣ ከሣሩና ከባሕር ዛፉ ቅጠል ይተነፈሳል። ባለሙያዎቹ ከአፈር የሚተነውንና ተክል የሚተነፍሰውን አንድ ላይ ደምረው ኢቫፖትራንስፒሬሽን ይሉታል። እኔ እዚህ «ጠቅላላ ትነት» እለዋለሁ።

በአንዱ እጅ ላይ አሥር ዓመት ተደራደርን፣ ተሰዳደብን፣ ጸጥታው ምክር ቤት ድረስ ሄድን። አራቱን እጅ ግን ቆጥረን አናውቅም።

ትነት የውሃ ፖለቲካ አይደለም የሚል ካለ የ1959ኙን ስምምነት ያንብብ። ኅዳር 8 ቀን 1959 እ.ኤ.አ. ግብፅና ሱዳን ካይሮ ላይ ቁጭ ብለው አስዋን የሚደርሰውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲካፈሉ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን አሉ። የቀረውን 10 ቢሊዮን ለማን ሰጡት? ለትነትና ለስርገት። ለኢትዮጵያስ? ዜሮ። ልብ በሉ፤ በረሃ ላይ ከሐይቅ ለሚተነው ውሃ ድርሻ ተቆርጦለታል፤ ውሃው ለሚመነጭበት አገር አልተቆረጠም። እነሱ ትነታቸውን ቆጥረው ወደ ጠረጴዛው መጡ። እኛ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎን ዛሬም የራሳችንን አልቆጠርንም። ቁጥር ይዞ የመጣ ይካፈላል፤ ስሜት ይዞ የመጣ ያጨበጭባል።

አሁን ስለ ላሟ። ሳተላይት ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ትነትን እንዴት ያያል? እውነቱን ለመናገር አያየውም። የውሃ እንፋሎት ወደ ላይ ሲወጣ የሚቆጥር ካሜራ የለም። የሚያየው የመሬቱን ሙቀትና የቅጠሉን አረንጓዴነት ነው። የቀረው ስሌት ነው።

ስሌቱን እናቶቻችን ያውቁታል። የሸክላ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ለምንድን ነው? ስለሚያልበው። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። መሬትም እንዲሁ ነው። ውሃ ያለው ማሳ እየተነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ የደረቀው ማሳ በዚያው ፀሐይ ይግላል። ላንድሳት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ የሁለቱን ሙቀት ያነባል፤ ከሙቀቱ ልዩነት የትነቱ መጠን ይሰላል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ ለማትነን 2.45 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይፈጃል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ጎጃምም ካሊፎርኒያም አይለወጥም። ሆላንዳዊው ቪም ባስቲያንሰን ሴባል የተባለውን ዘዴ በ1998 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ መንገዱ የታወቀ ነው። የላንድሳት ማኅደር ከ2008 ጀምሮ በነጻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ፋኦ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ዋፖር በሚባለው መድረኩ የአፍሪካን ጠቅላላ ትነት በየአሥር ቀኑ አስልቶ ለማንም ሰው በነጻ ይለቃል።

«ታዲያ ምን ጎደለን? አውርደን እንጠቀም» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ጠቤ። ከማያወርደው ሰውም ጋር ነው፣ አውርዶ እንደ ወንጌል ከሚያነበው ሰውም ጋር ነው።

ደጋ ሳተላይትን ያታልላል። አራት ማታለያዎቹን ልንገራችሁ።

አንደኛው ብርዱ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስሌቱ ደግሞ «ቀዝቃዛ ማለት እርጥብ ማለት ነው» ብሎ የተነሳ ነው። ከዓባይ በረሃ 1,000 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ስትወጡ የ3,000 ሜትር ልዩነት አለ፤ ወደ 20 ዲግሪ ማለት ነው። ከፍታውን በጥንቃቄ ያላረመ ስሌት የጮቄን ብርድ ውሃ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ደረቅ ድንጋዩን ሳይቀር «እየተነነ ነው» ይለዋል።

ሁለተኛው ጥላው ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ያለውን ቁልቁለት ታሞቃለች፤ የምዕራቡ ገና ጥላ ነው። አንድ ዓይነት ገብስ፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ ሁለት የተለያየ ሙቀት። ይህም ካልታረመ በምዕራብ ያለው ገበሬ ሳያጠጣ «ብዙ ውሃ ፈጀ» ይባላል።

ሦስተኛው ደመናው ነው። የሙቀት ካሜራ ደመናን አያልፍም። ላንድሳት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ የሚመለሰው በ16 ቀን አንዴ ነው፤ ሁለቱን ሳተላይቶች ብትደምሩ በ8 ቀን። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃምን ሰማይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዋነኛው የእድገት ወቅት፣ ዋነኛው ውሃ፣ ከደመና በታች ያልፋል። በዚያ ጊዜ የሚወጣው ቁጥር በአብዛኛው በግምት የተሞላ ነው።

አራተኛው የማሳው ስፋት ነው። የላንድሳት 8 የሙቀት ካሜራ አንዷ ነጥብ በመሬት ላይ 100 ሜትር በ100 ሜትር ናት፤ አንድ ሔክታር። በእኛ አነጋገር አራት ቃዳ። በጎዛምን ወይም በስናን አራት ቃዳ ውስጥ ምን አለ? ግማሹ ገብስ፣ ከጎኑ ድንች፣ ድንበሩ ላይ ሦስት ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ ጥግ ላይ የግጦሽ ሣር። የሦስት ቤተሰብ መሬት ሊሆን ይችላል። ሳተላይቱ አራቱንም አቀላቅሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የማንኛቸውንም ያልሆነ ቁጥር። የሞዲስ የሙቀት ነጥብ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ጎጥ ሙሉ በአንድ ነጥብ።

እነዚህ ችግሮች መፍትሔ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ከፍታውን ማረም ይቻላል፣ ቁልቁለቱን ማረም ይቻላል፣ ነጥቡንም በተሻለ ምስል መከፋፈል ይቻላል። እርማቱ ልክ መሆኑን የሚነግረን ግን ሌላ ሳተላይት አይደለም። መሬት ላይ የቆመ መሣሪያ ነው። በአፍሪካ ለዚህ ማረጋገጫ ስማቸው አዘውትሮ ከሚነሱት ጣቢያዎች መካከል የሱዳኑ ደሞከያ፣ የሴኔጋሉ ዳህራና የደቡብ አፍሪካው ስኩኩዛ አሉ። ሁሉም ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በታች ያሉ፣ ሞቃት፣ ሜዳ የሳር ምድር ናቸው። በዚያ የተፈተነ ስሌት የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል የቀነሰበት ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከዚያም አልፎ ጮቄ ላይ እንዴት ይሠራል? በኮርዶፋን የተሰፋ ልብስ ለጮቄ ብርድ እንደመልበስ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ? የአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት የውሃ መብት ለማስተዳደር የላንድሳትን ትነት ትጠቀማለች። ከመጠቀማቸው በፊት ግን ኪምበርሊ በሚባል ቦታ ከመሬት ውስጥ በተቀበረ ሚዛን፣ አፈሩን ከነሰብሉ እየመዘነ ስንት ውሃ እንደቀነሰ በሚናገር መሣሪያ ፈትሸውታል። በ2021 በ17 የምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች የተጀመረው ኦፕን ኢቲ የተባለው መድረክም በ150 ገደማ የመሬት ጣቢያዎች መረጃ ተፈትኗል። ገበሬው ቁጥሩን የሚያምነው ከሰማይ ስለመጣ አይደለም። ጎረቤቱ ማሳ ላይ የቆመው መሣሪያ ስለመሰከረለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ወደ ጨሞጋ።

ደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለ ወንዝ ነው። ከጮቄ ይነሳል፣ ዓባይ ይገባል። በ2005 እ.ኤ.አ. ወልደአምላክ በውቀት ከኼርት ስቴርክ ጋር ስለዚህ ወንዝ አንድ ጥናት አሳትሟል። ያገኙት ይህን ነው፤ ከ1960 እስከ 1999 የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት በየዓመቱ በ1.7 ሚሊ ሜትር ቀንሷል። ዝናቡ የቀነሰው ግን በ0.29 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በበጋ ደግሞ ዝናቡ ላይ የረባ ለውጥ ሳይታይ ወንዙ ቀንሷል።

የሁለቱ ልዩነት በየዓመቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል። በአርባ ዓመት ሲጠራቀም 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሔክታር ላይ 10 ሺህ ሊትር ነው፤ ስለዚህ በዘመኑ መጨረሻ ከእያንዳንዱ ሔክታር በዓመት 550 ሺህ ሊትር ያህል ወደ ወንዙ መምጣቱን አቁሟል ማለት ነው። የት ሄደ? ዘንቧል፤ ወንዝ አልገባም። ከመለኪያ ስህተት ውጭ ካልን የቀረው ሰፊ በር አንድ ነው፤ ወደ ላይ።

አጥኚዎቹ የተፈጥሮ ደኑን መጥፋት፣ የእርሻውን መስፋፋት፣ ልቅ ግጦሹንና የባሕር ዛፉን መብዛት ጠቁመዋል። ከአራቱ የማን ድርሻ ስንት ነው? ይህንን የሚለየው ጠቅላላ ትነት በየማሳው ሲታወቅ ነው። እስኪታወቅ ድረስ የምንሰማው ጩኸት ነው። አንዱ ወገን «ባሕር ዛፍ ምንጭ ጠጪ ነው፣ ይነቀል!» ይላል። ሌላው «ባሕር ዛፍ የገበሬው ባንክ ነው፣ ዝናቡ ነው የጠፋው!» ይላል። በየካቲት ወር አንድ ቃዳ ባሕር ዛፍ በቀን ስንት ሚሊ ሜትር ይተነፍሳል፣ ከጎኑ ያለው ሣር ስንት፣ ታርሶ የተተወው ባዶ አፈርስ ስንት ብላችሁ ብትጠይቋቸው ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ ያለ ቁጥር መመሪያ ይወጣል፤ መመሪያው የሚያርፈው ግን ልጁን በባሕር ዛፍ ሽያጭ በሚያስተምረው ገበሬ ላይ ነው።

ትነት ሁሉ ብክነት እንዳልሆነም ልብ እንበል። ጤፉ ሳይተነፍስ አያፈራም። እንጀራችን ራሱ ትነት ነው። ጥያቄው «ትነትን እንዴት እናቁም» አይደለም። የትኛው ትነት እንጀራ ሆነ፣ የትኛው ከባዶ አፈር ከንቱ ወጣ የሚለው ነው። ይህን መለየት ለገበሬውም ለግድቡም ይጠቅማል።

የበጋ መስኖ ስንዴውን ተመልከቱ። በዜና የምንሰማው ይህን ያህል ሔክታር ለማ፣ ይህን ያህል ኩንታል ታፈሰ ነው። ይህን ያህል ውሃ ተበላ የሚል ሪፖርት የሰማችሁ ንገሩኝ። በበጋ ደግሞ ውሃው የምንጭና የወንዝ ውሃ ነው፤ ከላይ ፓምፕ የገጠመ ሲጠጣ ከታች ያለው ይጠማል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት ሆኖ አልቀረም። በነገራችን ላይ ዋፖር ባለፈው እትሙ በ30 ሜትር ነጥብ አቅርቦ ካሳያቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ እዚያው ጎጃም የሚገኘው ቆጋ ነው፤ መራዊ አጠገብ ያለው 7,000 ሔክታር መስኖ። ግድብና ቦይ ስላለው ታየ። ቆጋ ሜዳ ነው፤ ለሳተላይት ይመቻል። በዝናብ የሚያርሰው፣ በቁልቁለት ላይ ያለው፣ ወንዞቹ የሚነሱበት ጮቄ ግን በሻካራው ነጥብ ቀረ።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ።

«አገር በጦርነት ላይ ሆኖ ስለ ትነት ታወራለህ?» ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም ምን እያየ እንደሆነ አልዘነጋሁም። ሰው እየሞተ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ነገር ግን ሳተላይት የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም። መንገድ ሲዘጋ፣ የግብርና ባለሙያው ቀበሌ መውረድ ሲያቅተው፣ የትኛው አካባቢ ሰብል እየደረቀበት እንደሆነ በጊዜ ሊነግረን የሚችለው እሱ ነው። ጦርነቱ ይህን ሥራ አስቸኳይ ያደርገዋል እንጂ ቅንጦት አያደርገውም።

«የፈረንጅ ቁጥር ነው፣ ለግብፅ እንዲመች የተሠራ ነው።» ስሌቱ ተጽፎ ለማንም ክፍት ነው፤ ተንኮል ካለበት እዩትና አሳዩን። መጠርጠር ሙያ አይደለም፤ መፈተሽ ነው ሙያ። ሳንፈትሽ ከተውነው ግን ነገ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሌላው ሰው ያንኑ ቁጥር አቅርቦ «የናንተ ደጋ ይህን ያህል ይበላል» ሲለን የምንመልሰው የለንም።

«የራሳችን ሳተላይት አለን።» በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 አስደስታናለች፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። የያዘችው ካሜራ ግን የቀለም ምስል የሚያነሳ እንጂ የመሬት ሙቀት የሚለካ አልነበረም። ለዚህ ሥራ ሰማይ ላይ የጎደለን ነገር የለም። የጎደለን ምድር ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ሳተላይት ከማምጠቅ በእጅጉ ይረክሳሉ።

አንድ፤ ሦስት የትነት መለኪያ ጣቢያዎች ይተከሉ። አንዱ ዓባይ በረሃ፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ አንዱ ጮቄ ላይ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። ችሎታው የለም የሚለኝ ካለ ተመስገን እንኩ ከአሰፋ መለሰ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ያንብብ፤ ከዕለቱ ከፍተኛ ሙቀት ብቻ ተነስቶ ትነት የሚገምት ዘዴ ነው፤ መሣሪያ ለሌለበት አገር የተሠራ። አንጀኒም ምስክር ነው። ደምበጫ አጠገብ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በአንዲት ትንሽ ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ ፍሰቱንና ደለሉን እየመዘገበ ስንት ተመራማሪ አፍርቷል! ያኔም አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች።

ሁለት፤ ቁጥሩ ይፋ ይሁን። ዝናቡ፣ የወንዙ ፍሰትና ትነቱ ደብዳቤ ሳይጻፍ፣ ማኅተም ሳይለመን ለተማሪም ለገበሬ ማኅበርም ይከፈት። ፋኦ ስለ ጎጃም ያሰላውን ከአዲስ አበባ ሆኜ በስልኬ አያለሁ፤ የጎጃም ወንዝ ፍሰት ግን እንደ ወታደራዊ ምሥጢር በመሳቢያ ይቆለፋል። ይህ ያሳፍራል። ይፋ ያልሆነ ቁጥር ደግሞ ነገ በገበሬው ላይ ክፍያ ወይም ክልከላ ሆኖ ሲመጣ መከራከሪያ አይኖረውም።

ሦስት፤ ሔክታርና ኩንታል ሪፖርት በሚደረግበት ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ስንት ውሃ ተበላ የሚል። አንድ ዓምድ ብቻ።

በአንዱ እጅ ላይ የጮኽነውን ያህል ስለ አራቱ እጅ እንጠይቅ። የምክር ቤት ተወካያችሁን ጠይቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጃችሁን ጠይቁ፣ ውሃ ቢሮ የሚሠራ ዘመዳችሁን ጠይቁ። ሰማይ ላይ ያለችው ላም የእኛም ናት፤ ማለቢያው ግን ጮቄ ላይ መቆም አለበት። ያለዚያ ወተቱን ሌላ ሰው ያልበዋል፤ እኛም ገዝተን እንጠጣዋለን።

በተለይ ከጎዛምን፣ ከስናን፣ ከማቻከልና ከቢቡኝ ያላችሁ፤ በልጅነታችሁ በበጋ የማይደርቅ የነበረ፣ ዛሬ የደረቀ ምንጭ ካለ የት እንደሆነና ከመቼ ወዲህ እንደደረቀ ከታች ጻፉልኝ። መለኪያ እስኪተከል ድረስ የእናንተ ትዝታ መነሻ ይሆነናል።